ልጁ ፖስተኛ ነበር፦ የርዕሰ መምህር መልእክት ለወላጆች በሰሜን ሸዋ፣ በኮሮና ጊዜ

ሰሜን ሸዋ ሲባል መጀመሪያ "የቱ?" ብሎ መጠየቅ ነው። ዋና ከተማው ፍቼ የሆነ ሰሜን ሸዋ በኦሮሚያ ክልል አለ። እዚህ የማነሳው በአማራ ክልል ያለውን፣ መቀመጫው ደብረ ብርሃን የሆነውን ዞን ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዘው የሚያገኙት ከተማ ነው። ከዚያ ወዲያ ጣርማ በር ይመጣል፤ ዋሻውን አልፈው ሲወርዱ ደብረ ሲና፣ ዝቅ ሲሉ የሸዋ ሮቢት ሙቀት ይቀበልዎታል። በሌላ በኩል የመንዝ ደጋ አለ፣ መሐል ሜዳና ሞላሌ። በጃማ በኩል ደግሞ መርሐቤቴ። በአንድ ዞን ውስጥ ጋቢ የማይወልቅበትም ማንጎ የሚበቅልበትም አገር አለ። ይህን ያነሳሁት ለጌጥ አይደለም። የአንድ ርዕሰ መምህር መልእክት ከትምህርት ቤት ወጥቶ እናትና አባት ዘንድ ለመድረስ የሚያቋርጠው አገር እንዲህ ያለ ስለሆነ ነው።

ደብዳቤውና ተሸካሚው

ርዕሰ መምህሩ ለወላጅ የሚልከው መልእክት ብዙ ዓይነት ነው። የምዝገባ ቀን፣ የስብሰባ ጥሪ፣ የአጥር ማሠሪያ መዋጮ፣ የቀሪ ማስጠንቀቂያ። በወረቀት ሲሆን አጻጻፉ የታወቀ ነው። ከላይ ቀንና ቁጥር። ቀጥሎ "ለተማሪ እገሌ ወላጅ ወይም አሳዳጊ፣ ባሉበት"። ከዚያ "ጉዳዩ፦ ስብሰባን ይመለከታል"። መጨረሻ ላይ "ከሰላምታ ጋር"፣ ፊርማ፣ የስም ቲተርና ክቡ ማኅተም። ዋናው ነገር ማኅተሙ ነው። ማንበብ የማይችሉ አባት እንኳ ወረቀቱን ገልብጠው መጀመሪያ የሚፈልጉት እሱን ነው። ማኅተም ያለው ወረቀት በከንቱ አይጣልም። ተጣጥፎ ሣጥን ውስጥ፣ ከመሬት ግብር ደረሰኝ ጋር ይቀመጣል።

ከደብዳቤው የበለጠ የሚፈራው ግን ያለ ወረቀት የሚላከው ነው፦ "ወላጅ አምጣ!" ይቺን ያልሰማ ተማሪ ካለ እሱ መልአክ ነው። መልእክተኛውም ተከሳሹም ያው ልጅ ስለሆነ ቃሉ መንገድ ላይ መለወጡ አይቀርም። "ስብሰባ አለ ብለዋል" ይላል ቤት ሲደርስ። የባሰበት ደግሞ መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው ለምኖ አጎቴ ነው ብሎ ያቀርባል። ርዕሰ መምህራን ይህን ያውቃሉ። አንዳንዶቹ የመጣውን "አጎት" የልጁን የአያት ስም ይጠይቁታል።

በትምህርት ቤቱና በቤተሰቡ መሐል ያሉ አካላት አሉ። በዕለት ተዕለት ጉዳይ ወላጅ የሚያውቀው ስም ጠሪውን መምህር ነው። ከዚያ በላይ ወላጅ መምህር ኅብረት አለ፤ ሁሉም በአጭሩ ወመህ ይለዋል። የቀበሌው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድም አለ። ገጠር ላይ የእነዚህ ሰዎች ጉልበት ከወረቀት ይበልጣል። የኅብረቱ ሊቀ መንበር ብዙ ጊዜ የዕድሩም ሰው፣ የሰንበቴውም ሰው ነው። ርዕሰ መምህሩ ለእሳቸው አንድ ቃል ከነገራቸው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ጋ ትነገራለች። ቆላ ላይ ደግሞ አርብ ከጁምዓ በኋላ መስጊድ በር ላይ። የቀረውን ገበያ ያዳርሰዋል።

እንግዲህ መንገዱ ሁለት ነበር ማለት ነው፤ ልጁና ጉባኤው። ኮሮና ሁለቱንም በአንድ ወር ውስጥ ዘጋቸው።

መጋቢት 2012

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ የተነገረው አርብ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። ሰኞ መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። የተባለው ለ15 ቀን ነበር። በመላ አገሪቱ ከ20 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ገባ። ያን ሳምንት ለልጆቹ የተነገራቸው ቃል አጭር ነበር፦ እጃችሁን ታጠቡ፣ አትሰብሰቡ፣ ደብተራችሁን አንብቡ፣ ስንጠራችሁ ትመጣላችሁ። ልጆቹ እልል ብለው ወጡ። ማን ይፈርድባቸዋል?

"ስንጠራችሁ" የምትለዋ ቃል ላይ ግን ችግር ነበረባት። በምን ነው የሚጠሩት? እስከዚያ ቀን ድረስ የትምህርት ቤቱ ፖስተኛ ተማሪው ራሱ ነበር። አሁን ፖስተኛው ቤት ተቀምጧል። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከ4 ሰው በላይ በአንድ ቦታ መሰብሰብም ተከለከለ። የወላጆች ስብሰባ ቀረ። ሰንበቴና ማኅበር ቀረ። ሚያዝያ 11 የዋለውን ፋሲካ ብዙው ሰው በየቤቱ አሳለፈው። ደጀ ሰላሙ ጋ የሚነገር ቃል ሰሚ አጣ። በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ የሚያነብ የለም፤ ግቢው ውስጥ ዘበኛው ብቻ ነው ያለው።

15 ቀኑ አልፎ ሌላ ተጨመረ። ከዚያ ክረምት ገባ።

ስልክ፣ ቴሌግራም፣ ሬዲዮ

ደብረ ብርሃን ላይ የመጀመሪያው መፍትሔ ቴሌግራም ነበር። በተለይ የግል ትምህርት ቤቶች በየክፍሉ ግሩፕ ከፍተው የሥራ ወረቀት ፎቶ እያነሱ መላክ ጀመሩ። ወላጅ በሌሊት ስልኩ እየጮኸ የሒሳብ ጥያቄ ይደርሰዋል። ከጥያቄው ቀጥሎ የሚመጣው የክፍያ ማሳሰቢያ ነው። በዚያ ሰሞን ትምህርት ሳይኖር ክፍያ አለ ወይ የሚለው ክርክር አገሩን ያመሰ ነበር። እኔ የማውቀው አንድ ትምህርት ቤት ስለ ልጆቹ ደኅንነት አንድ መስመር ጽፎ፣ ስለ ክፍያ አንድ ገጽ የላከበት ጊዜ አለ። ገንዘብ ያስፈልጋቸዋል፣ መምህር ደመወዝ ይበላል፤ ይገባኛል። ግን ቅደም ተከተል የሚባል ነገር አለ።

ገጠር ሌላ ዓለም ነው። ስማርት ስልክ ያለው ጥቂት፣ ኔትወርኩ ኮረብታ ላይ ሲወጡ ብቻ የሚገኝ። እዚያ የሠራው ተራ ስልክ ነው። ስም ጠሪው የተማሪዎቹን ቤተሰብ ቁጥር ይዞ ይደውላል፤ ካርድ ሲያልቅበት ሚስኮል ያደርጋል። ቁጥር የተመዘገበለት ልጅ ግን ስንቱ ነው? የምዝገባ ቅጹ ላይ ለስልክ የተተወው ቦታ ባዶ ነበር፣ ወይ ደግሞ የጎረቤት ቁጥር ነበር የተጻፈበት። ከዚያ ወዲህ በምዝገባ ሰሞን ርዕሰ መምህራን "የሚሠራ ስልክ፣ ሁለት ቁጥር" እያሉ የሚጨቀጭቁት በደንብ ተምረውበት ነው።

የሬዲዮና የቴሌቪዥን ትምህርትም ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ የሬዲዮ ትምህርት የቆየ ነገር ነው፤ በአፄው ዘመን የተጀመረ ነው። ሁለተኛ ደረጃዎችም ከ1997 ወዲህ ፕላዝማ፣ ማለትም በሳተላይት የሚተላለፈውን የቴሌቪዥን ትምህርት፣ ያውቃሉ። የርዕሰ መምህሩ መልእክት በዚህ ጊዜ "ልጅዎ በዚህ ሰዓት ሬዲዮ ያዳምጥ" የሚል ሆነ። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ወሩ መጋቢትና ሚያዝያ ነው። መንዝና አንኮበር ደጋው በልግ ያርሳል። እጁ ያረፈ ልጅ ቤት ካለ በሬ ይነዳል፣ ከብት ይጠብቃል። ሬዲዮውም ባትሪ ካለው አባት ጋር እርሻ ወርዷል። ልጃገረዶቹ ላይ ያለው ሥጋት ሌላ ነበር፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የጋብቻ ወሬ ይከፈታል። ደህና ርዕሰ መምህራን በስልክም በሰውም ደጋግመው የላኩት ቃል ይህ ነበር፦ ልጅቷን አትዳሩ፣ ትምህርት ይከፈታል።

ምን ይነገር፣ እንዴት ይነገር

የእነዚያ ወራት መልእክት አስቸጋሪነቱ ርዕሰ መምህሩ ራሱ የነገን አለማወቁ ነው። ውሳኔው ከትምህርት ሚኒስቴር ይወጣል፤ በክልል ቢሮ፣ በዞን፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ በሱፐርቫይዘር በኩል ይወርዳል። ወላጁ ግን የሚደውለው ለርዕሰ መምህሩ ነው። "ጋሼ፣ ልጄ አልፏል ወይስ ወድቋል?" መልሱ በኋላ መጣ። ሀገር አቀፍና ክልላዊ ፈተና ከሚወስዱት ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በቀር ሁሉም ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲያልፍ ሆነ፤ ያመለጠው ትምህርት ሲከፈት በማካካሻ እንዲሰጥ። ይህን ለወላጅ ማስረዳት ቀላል አልነበረም። ጎበዝ ልጅ ያለው አባት ተናደደ፤ ሰነፍ ልጅ ያለው ኮሮናን ሊመርቅ ምንም አልቀረው። የ12ኛ ክፍል ልጆች ደግሞ የተጠበቀውን ፈተና የወሰዱት በ2013 የካቲት መጨረሻ ነው።

ጥሩ መልእክትን ከመጥፎ የሚለየው ርዝመቱ አይደለም። ከወረዳ የመጣውን ሰርኩላር እንዳለ ፎቶ አንስቶ የሚለቅ ነበር፤ "ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው" የሚል። ወላጅ ከርዕሱ ሌላ ምንም አይገባውም። ሌላው ደግሞ በራሱ ድምፅ ቀርጾ ይልካል፦ እንዴት ሰነበታችሁ፣ ቤተሰብ ደህና ነው ወይ፣ ምዝገባ ተጀምሯል፣ ልጁ ባይመጣም አንድ ወላጅ ካርዱን ይዞ ይምጣ፣ ማስክ አድርጋችሁ ኑ። የድምፅ መልእክት ለማንበብ ላልታደለ ወላጅ ከማኅተም የበለጠ ነገር ሆነ። ከስልኩ ውስጥ የሚሰማው የሚያውቁት ሰው ድምፅ ነው፤ ጎረቤትም ይሰማዋል።

ጥቅምት 2013

ትምህርት ቤቶች በጥቅምት 2013 በየተራ ተከፈቱ። ከጥቅምት 9 ጀምሮ ገጠሩና የወረዳ ከተሞች፤ የዞን ከተሞች ሳምንት ቆይተው። ደንቡ በአንድ ክፍል ከ20 እስከ 25 ተማሪ፣ በአንድ ዴስክ አንድ ልጅ፣ ሁሉም ማስክ፣ በር ላይ እጅ መታጠብ። 60 ልጅ ያለበት ክፍል ለሁለት ለሦስት ተከፈለ። ስለዚህ ፈረቃ መጣ፣ ቀን እየለዩ መማርም መጣ። ርዕሰ መምህሩ ለወላጅ የሚልከው ወረቀት አሁን የጊዜ ሰሌዳ ሆነ፦ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ አርብ የእገሌ ቡድን፤ ማክሰኞና ሐሙስ የእገሌ። ሦስት ልጅ ያላት እናት ሦስት ሰሌዳ ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች።

መልእክቱ ላይ ያለችው አንዲት ቃል ለደብረ ብርሃን ሰው ጥርስ የምታንቀጫቅጭ ነበረች፦ "መስኮት ክፍት ይሁን።" ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በጥቅምትና ኅዳር ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ይነጠፋል። የጠዋት ፈረቃ ልጅ በማስኩ ላይ ሻርፕ ጠምጥሞ፣ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ነው የሚማረው። ሸዋ ሮቢት ላይ ያው መመሪያ ምርቃት ነበር፤ እዚያ መስኮት መቼም አይዘጋም።

ውኃው ሌላ ጣጣ ነው። ቧንቧ የሌለው ትምህርት ቤት ብዙ ነበር። ስለዚህ ከማሳሰቢያው ሥር "እያንዳንዱ ተማሪ በሀይላንድ ውኃ ይዞ ይምጣ" የሚል ይጨመራል። በር ላይ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን ተቀምጧል፤ ልጆቹ ያመጡትን እየገለበጡ ይሞሉታል፣ ያንኑ ይታጠቡበታል። ማስክም እንዲሁ። ጠዋት ታላቅየው ያደረገውን ከሰዓት ታናሽየው አድርጎት ሲመጣ አይቻለሁ። መምህሩም አይቷል። ምን ይበል?

ከዚያ በኋላ

ትምህርቱ ሲከፈት ልጁ ወደ ፖስተኝነቱ ተመለሰ፤ የስልኩ መንገድም አልቀረም። በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ደብረ ሲና አካባቢ ሲደርስ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ትምህርት ቤቶች የተፈናቀለ ሰው ሲያስጠጉ፣ በኮሮና ጊዜ የተከፈቱት ግሩፖች ለሌላ ጥያቄ ዋሉ። ማን የት ነው፣ ልጁ የት ይመዝገብ።

አሁን ስብሰባ ሲጠራ በቴሌግራም ይለጠፋል፣ እሑድም ይነገራል፣ ወረቀቱም ይታተማል። የዓመቱ መጨረሻ ካርድ ግን ዛሬም በልጅ እጅ ነው ቤት የሚደርሰው። ከሥሩ "የወላጅ ፊርማ" የሚል መስመር አለ። ፊርማው አንዳንዴ የአባትየውን አይመስልም፤ የልጁን የእጅ ጽሑፍ ነው የሚመስለው።