«ቡሄ ከዋለ የለም ክረምት» እና ሌሎች ስለ ክረምት የምንሳሳትባቸው ነገሮች

አክስቴ ከዋሽንግተን ዲሲ በሐምሌ መጣች። ሻንጣዋ ሙሉ በሙሉ እጅጌ ጉርድ ነበር። «እዚያ በሙቀት ልናልቅ ነው፤ እዚህም ሐምሌ አይደል?» አለችን። ከቦሌ ወጥተን ቤት ስንደርስ በረዶ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር። እናቴ ጋቢ ደረበችላት።

እዚያ በሐምሌ ቀን ቀን ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ያልፋል። አዲስ አበባ ግን 20 ወይም 21 ዲግሪ ላይ ነች። የኛ ሙቀት የሚበረታው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። አክስቴ አገር ስለለቀቀች ብትረሳ አይፈረድባትም። እኛ ክረምቱ ውስጥ የምንኖረው ግን ብዙ የተሳሳተ ነገር ይዘናል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሕይወት ያስከፍላል።

«ከክረምት የባሰ ብርድ የለም»

ቀን ቀን እውነት ነው። ሌሊቱ ግን ሌላ ነው። የአዲስ አበባ ሌሊት በጣም የሚቀዘቅዘው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ክረምት ላይ ደመናው ቀን ፀሐይን ይጋርዳል፤ ማታ ደግሞ መሬት ያመቀችውን ሙቀት እንደ ጋቢ ሸፍኖ ያቆየዋል። በጋ ሲገባ ሰማዩ ይጠራል፣ ሙቀቱም ሌሊቱን ሙሉ ወደ ላይ ያመልጣል። የደጋ ገበሬ ውርጭ የሚፈራው በሐምሌ ሳይሆን በጥቅምትና በኅዳር የሆነው ለዚህ ነው።

«ክረምት ሲገባ አገሩ ሁሉ ይዘንብበታል»

አይደለም። ቦረና በሰኔና በሐምሌ ደረቅ ነው። ዋናው ዝናቡ ቦረናዎች በኦሮምኛ «ገና» የሚሉት ነው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይዘንባል። ሁለተኛው ዝናብ፣ «ሃገያ»፣ በመጸው ይመጣል። የሶማሌ ክልል አብዛኛው ክፍልም እንዲሁ ነው። «ክረምቱ ጥሩ ነው» የሚል ዜና ስትሰሙ የማን ክረምት እንደሆነ ጠይቁ።

«በረዶ የሚጥለው ስለበረደ ነው»

እንዲያውም በረዶ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ረፋዱ ፀሐይ የነበረ ቀን ነው። የሞቀ እርጥብ አየር በኃይል ሽቅብ ይወጣል። የውሃ ጠብታውን ይዞት ይሄድና ከፍታው 5 ሺህ ሜትር ገደማ ሲሆን ብርዱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። እዚያ ጠብታው ይጠጥራል፤ ሽቅብ የሚገፋው አየር ተሸክሞ ሲያቆየው ደግሞ ሌላ ውሃ እየተለጠፈበት ያድጋል። ትልቅ የበረዶ ፍሬ ሁለት ቦታ ሰንጥቃችሁ ብታዩት እንደ ሽንኩርት ተደራርቦ ታገኙታላችሁ። ደጋው ለደመናው ቅርብ ስለሆነ በረዶው ሳይቀልጥ መሬት ይደርሳል። ቆላ ላይ በመንገድ ቀልጦ ዝናብ ይሆናል።

«ቀይ ካልለበስክ መብረቅ አይነካህም»

ልጅ ሳለን ሰማዩ ሲያጉረመርም ቀይ ሹራብ ያስወልቁን ነበር። ከዚያ የት እንጠለል? ዋርካው ስር። አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል። መብረቅ ቀለም አይመርጥም። የሚመርጠው ረጅምና ለብቻው የቆመ ነገር ነው፤ ሜዳ ላይ ያለ ዋርካ ማለት ይኸው ነው።

ዛፉ ላይ የወረደው መብረቅ በመሬት ውስጥም ይሰራጫል። ዛፍ ስር የተጠለሉ ከብቶች ባንድ ጊዜ ሲያልቁ ሰምታችሁ ይሆናል። የበሬ የፊትና የኋላ እግሩ የተራራቀ ስለሆነ ኤሌክትሪኩ ባንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ መንገዱም ደረቱን አቋርጦ ነው። ስለዚህ ሜዳ ላይ መግቢያ ያጣ ሰው ከዛፍ ይራቅ፣ አይተኛ፣ እግሩን ገጥሞ ቁጢጥ ይበል። ብዙ ከሆናችሁ ተራራቁ። ይህ የመጨረሻው አማራጭ ነው። የተሻለው በጊዜ ቤት ወይም ጣሪያው ብረት የሆነ መኪና ውስጥ መግባት ነው።

«ገና አልዘነበም እኮ» ማለትም አይሠራም። መብረቅ ዝናቡን 10 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ቀድሞ ሊወርድ ይችላል። ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቁጠሩ፤ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ነጎድጓዱን ከሰማችሁ ግን ቆጠራውም ይቅር፣ ግቡ። የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማችሁ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቃችሁ ውጡ።

ሞባይል መብረቅ ይስባል የሚለውም ስህተት ነው። ቻርጅ ላይ የተሰካ ስልክ ግን አትያዙ፤ አደጋው ሽቦው ነው። አንድ ቦታ ሁለቴ አይመታም የሚባለውም ውሸት ነው፤ ረጅም ማማዎች በዓመት ብዙ ጊዜ ይመታሉ።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ የተመታን ሰው መንካት ያስይዛል ተብሎ መፈራቱ ነው። ሰውነቱ ላይ ምንም ኤሌክትሪክ አይቀርም። ልቡ ቆሞ ሊሆን ይችላል፤ ወዲያው ደረቱን በመጫን ሊተርፍ ይችላል። እባካችሁ ቆማችሁ አትዩት።

«እኛ ጋ ካልዘነበ ጎርፍ ከየት ይመጣል?»

ከላይ ይመጣል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ድሬዳዋን በሌሊት የመታው ጎርፍ ኃይሉን ያገኘው ከከተማዋ በላይ ባሉት የሐረርጌ ተራሮች ከጣለው ዝናብ ነው። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ የሚታየው የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ወረደ፤ ከ250 በላይ ሰው ሞተ።

«ትንበያው ዋሸ»

ለክረምት የሚወጣው ትንበያ «በዚህ ቀን ይዘንባል» አይልም። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትም ሆነ የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል የሚሰጡት ዕድል ነው፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ለምሳሌ ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድሉ 45 በመቶ ነው ቢባል፣ ላይሆን የሚችልበት ዕድል 55 በመቶ ነው። «መደበኛ» የሚባለውም የዚያው ቦታ የ30 ዓመት አማካይ ነው፤ የደረቁ አፋር መደበኛ፣ በምዕራብ ላለችው ዝናባም ከተማ ለጎሬ ድርቅ ነው።

ግን ዕድል ነው ተብሎ አይናቅም። በ2007 ክረምት ኤል ኒኞ ነበር። በሰሜንና በምሥራቅ ዝናቡ ከዳ፤ በኋላም ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ፈለገ። ኤል ኒኞ በክረምት የኛን ሰሜን ሲያደርቅ፣ በመጸው ደግሞ ደቡብና ደቡብ ምሥራቁን ያርሳል።

«ቡሄ ከዋለ የለም ክረምት»

አባባሉን እወደዋለሁ፤ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት ይላል ቀጥሎ። ብርሃኑ እየመጣ መሆኑን ይነግረናል። ቡሄ ግን ነሐሴ 13 ነው፤ ነሐሴ ደግሞ ከሐምሌ ጋር አዲስ አበባ በብዛት የሚዘንብባት ወር ነው። ክረምቱ እስከ መስከረም ይዘልቃል። በዚያ ሰዓት መሬቱ ውሃ ጠግቧል፤ ሌላ ስለማይጠጣ የሚዘንበው ሁሉ ቀጥታ ወደ ወንዝ ይሮጣል። የቡሄ ዕለት ልጆች ዱላቸውን ይዘው «ሆያ ሆዬ» እያሉ ከደጅ ደጅ ሲዞሩ ሰማዩ ካጉረመረመ፣ ሙልሙሉን ሰጥታችሁ ከመሸኘት ይልቅ ቤት አስገብታችሁ አቆዩልን።