የራዲዮካርቦን የዕድሜ ልኬት በጅማና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የአርኪዮሎጂ ሥፍራዎች

የራዲዮካርቦን የዕድሜ ልኬት በአንድ ወቅት ሕይወት የነበረው ነገር፣ ማለትም እንጨት፣ ከሰል፣ እህል፣ አጥንት ወይም ብራና፣ ከሞተ ስንት ዓመት እንደ ሆነው የሚያሰላ ዘዴ ነው። ስሌቱ የሚሠራው ካርቦን 14 የተባለው ጨረር አመንጪ የካርቦን ዓይነት በነገሩ ውስጥ ምን ያህል እንደ ቀረ በመለካት ሲሆን፣ እስከ 50,000 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ይደርሳል። ስለ አክሱምና ስለ ላሊበላ ብዙ ተጽፏል፤ ከጊቤ ወዲህ ስላለው አገር ግን በአማርኛ የተሰናዳ ጽሑፍ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ይህ ዳሰሳ ጅማን መነሻ አድርጎ ዘዴው በደቡብ ምዕራቡ ምን እንዳስገኘ፣ በአካባቢው አፈርና ደን ውስጥ ምን እንደሚገጥመው፣ የትኞቹን ዘመናትስ መለየት እንደማይችል ያቀርባል። ሌላ ምልክት ካልተደረገ በስተቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የዘዴው መሠረት

ከጠፈር የሚመጣው ኮስሚክ ጨረር በላይኛው ከባቢ አየር ውስጥ ኒውትሮኖችን ይፈጥራል፤ ኒውትሮን የናይትሮጅንን አቶም ሲመታ ካርቦን 14 ይገኛል። ይህም ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆንና በቅጠል በኩል ወደ ተክል፣ ከተክልም ወደ እንስሳና ወደ ሰው ይገባል። መጠኑ እጅግ ጥቂት ነው፤ ከአንድ ትሪሊዮን የካርቦን አቶሞች መካከል ካርቦን 14 የሚሆነው አንዱ ያህል ብቻ ነው። ፍጡሩ በሕይወት እስካለ ድረስ በአካሉ ውስጥ ያለው ድርሻ በአየሩ ውስጥ ካለው ጋር ይመጣጠናል። ሲሞት አዲስ ካርቦን መግባቱ ይቋረጣል፣ የቀረውም እየፈረሰ ወደ ናይትሮጅን ይመለሳል። በ5,730 ዓመት ግማሹ፣ በ11,460 ዓመት ሦስት አራተኛው ይጠፋል፤ 50,000 ዓመት ሲሞላ የመጀመሪያው መጠን ለአራት መቶ ቢከፈል አንዱ እጅ እንኳ አይተርፍም።

ዘዴውን ያገኙት በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዊላርድ ሊቢና ባልደረቦቻቸው ሲሆኑ፣ በታወቀ ዕድሜ ናሙናዎች የተደረገው ፍተሻ በ1949 ታትሟል፤ ሊቢም በ1960 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። በመጀመሪያው ዘመን ለአንድ ልኬት በርካታ ግራም ካርቦን ያስፈልግ ስለ ነበር፣ ከአንድ ምድጃ የተለቀመው ከሰል በሙሉ ለአንድ ቁጥር ብቻ ይቃጠል ነበር። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የመጣው አክሰለሬተር ማስ ስፔክትሮሜትሪ የሚፈርሱትን አቶሞች ጠብቆ ከመቁጠር ይልቅ ያሉትን አቶሞች በቀጥታ ስለሚቆጥር አንድ ሚሊግራም ካርቦን ይበቃዋል። አንዲት የገብስ ቅንጣት ለብቻዋ ልትለካ የቻለችው ከዚህ በኋላ ነው።

ላቦራቶሪው የሚሰጠው ቁጥር «ከአሁን በፊት» ተብሎ ይጻፋል፤ ይህ «አሁን» ግን በስምምነት የቆመ ቀን ነው፣ እርሱም ጃንዋሪ 1 ቀን 1950፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1942 ዓ.ም. ነው። በአገራችን ጽሑፎች አልፎ አልፎ ከዚህ ቁጥር ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ተቀንሶ ይታያል። ይህ ስሕተት ነው፤ «ከ4,500 ዓመት በፊት» ማለት በየትኛውም አቆጣጠር ያው 4,500 ዓመት ነው። ቅነሳው የሚያስፈልገው የተስተካከለው ውጤት የዓመተ ምሕረት ቁጥር ሆኖ ሲጻፍ ብቻ ነው።

በአየሩ ውስጥ ያለው የካርቦን 14 መጠን ከዘመን ዘመን ስለሚለዋወጥ ጥሬው ቁጥር እንዳለ የዓመት ቁጥር አይሆንም። በዛፍ ዓመታዊ ቀለበቶችና በሌሎች ዕድሜያቸው በተናጠል በታወቁ ቅሪቶች ላይ ተመሥርቶ ከተሠራ የማስተካከያ መስመር ጋር ይመሳከራል። ከ2020 ጀምሮ ለሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ኢንትካል20፣ ለደቡቡ ኤስኤችካል20 የተባሉት መስመሮች ይሠራባቸዋል። ጅማ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ናት፤ ሆኖም በክረምት የዝናቡ መቀነት ወደ ሰሜን ሲወጣ ከደቡብ የሚነፍሰው አየር ወደ አገራችን ስለሚገባ፣ ሁለቱን መስመሮች አቀላቅሎ መጠቀም እንደ አንድ አማራጭ ይታያል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት አሥርት ዓመታት ነው፤ ለዋሻ ንብርብር ብዙ አይደለም፣ ለአንድ ንጉሥ ዘመን ግን ብዙ ነው።

በጅማ አፈር ውስጥ ናሙና ምን ይሆናል

ከአሸዋማው ቆላ ወይም ከደረቁ የትግራይ ተራሮች ጋር ሲነጻጸር የጅማ አካባቢ ለቆፋሪ ቸር አይደለም። ዝናቡ በዓመት 1,500 ሚሊሜትር ገደማ ይደርሳል፣ ቀዩ ሸክላማ አፈር ጥልቅና አሲዳማ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ አፈር አጥንት ቶሎ ይበላል፤ ከአጥንት ለልኬት የሚፈለገው ኮላጅን የተባለው ፕሮቲንም አብሮ ይጠፋል። የሸክላ ስብርባሪና የድንጋይ መሣሪያ ሳይበላሽ እየተገኘ የሰውም የከብትም አጥንት የሚታጣው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ በሜዳ ላይ ባሉ ሥፍራዎች ቆፋሪው ዓይኑን የሚጥለው በከሰል ላይ ነው፤ ከሰልም የራሱ ጣጣ አለው።

የመጀመሪያው ጣጣ የእንጨቱ የራሱ ዕድሜ ነው። ዛፍ በየዓመቱ የሚያበጀው አዲስ ቀለበት በውጭ በኩል ስለሆነና መሐሉ ከአየሩ ጋር መገናኘቱን ያቆመው ቀድሞ ስለሆነ፣ የግንዱ እምብርት ዛፉ ከመቆረጡ ከብዙ ዓመታት በፊት «የሞተ» ነው። ሦስት መቶ ዓመት የቆየ ዝግባ ተቆርጦ የቤት ምሰሶ ቢሆን፣ ቤቱም ከሃምሳ ዓመት በኋላ ቢቃጠል፣ ከምሰሶው እምብርት የተወሰደ ከሰል ቃጠሎውን በ350 ዓመት ያስረጀዋል። በዚህ አገር ዝግባ፣ ቀረሮና ወይራ ለግንባታ ሲፈለጉ የኖሩ ዛፎች በመሆናቸው ችግሩ የወረቀት ላይ አይደለም። ጠንቃቃ ቆፋሪ ከግንድ ከሰል ይልቅ የአንድ ዓመት ፍሬ ይመርጣል፤ የገብስ፣ የማሽላ ወይም የጤፍ ቅንጣት፣ የቡና ፍሬ፣ ወይም ቢያንስ ቀጭን ጭራሮ።

ሁለተኛው ከሰሉ ከቦታው መንቀሳቀሱ ነው። ምስጥና ፍልፈል ከላይ ያለውን ወደ ታች፣ ከታች ያለውን ወደ ላይ ያመላልሳሉ። የቡና ችግኝ የሚተከልበት ጉድጓድና የየዓመቱ ኩትኳቶ የላይኛውን ንብርብር ያገላብጠዋል። ደን ተመንጥሮ ሲቃጠል ከመሬት በታች ያለ ሥር እየነደደ ወደ ውስጥ ይዘልቅና ሰው ፈጽሞ ያልኖረበት ጥልቀት ላይ ከሰል ይተዋል። ከሰል ሁሉ ምድጃ አይደለም።

ሦስተኛው ብክለት ነው። ከደኑ ቅጠል ብስባሽ የሚወጣው ሁሚክ አሲድ በውሃ ሟሙቶ ወደ ታች ይሰርግና በአሮጌው ከሰል ላይ ይጣበቃል። የጉዳቱ መጠን በናሙናው ዕድሜ ይወሰናል፤ በ5,000 ዓመት ናሙና ላይ አንድ በመቶ የዛሬ ካርቦን ቢቀላቀል ዕድሜውን በ70 ዓመት ገደማ ብቻ ያሳንሰዋል፣ ምንም ካርቦን 14 ያልቀረለት እጅግ ጥንታዊ ናሙና ላይ ያው አንድ በመቶ ቢገባ ግን 37,000 ዓመት የሆነው አስመስሎ ያሳየዋል። ላቦራቶሪዎች ናሙናውን በአሲድ፣ በአልካሊ፣ ከዚያም እንደገና በአሲድ የሚያጥቡት ለዚህ ነው። በቁፋሮው ላይ ከሰሉ በንጹሕ መቆንጠጫ ተነሥቶ በአሉሚኒየም ወረቀት ይጠቀለላል፤ በወረቀት ወይም በጥጥ አይያዝም። በእኛ አገር አንድ ነገር መጨመር ይገባል፦ ለሠራተኞቹ ቡና የሚፈላበት ምድጃ ከጉድጓዱ ራቅ ብሎ ነፋስ ወደዚያ በማይነፍስበት በኩል ይሁን፤ የጀበናው ከሰል ከጥንቱ ከሰል በዓይን አይለይምና።

የእንሰት ነገር ለብቻው መነሣት አለበት። የአካባቢው ሕዝብ ዋና ምግብ ሆኖ የኖረው ይህ ተክል በአብዛኛው አበባ ከማውጣቱ በፊት ስለሚቆረጥ በምድጃ ዙሪያ ዘር አይተውም፤ አካሉም ውሃ ስለሚበዛው እምብዛም ከሰል አይሆንም። መኖሩ የሚታወቀው በቅጠሉ ውስጥ በሚፈጠሩ፣ በአጉሊ መነጽር በሚታዩ የሲሊካ ቅንጣቶችና በስታርች ቅሪት ነው። ስለዚህ «እንሰት መመረት የጀመረው በዚህ ዘመን ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲገኝ፣ የተለካው ብዙ ጊዜ በአጠገቡ የተገኘው ከሰል እንጂ እንሰቱ እንዳልሆነ ማስተዋል ያስፈልጋል።

የተለኩ ሥፍራዎች

የጅማ ዞን ራሱ ከጎረቤቶቹ ጋር ሲነጻጸር ገና ብዙ አልተቆፈረም። የታወቁት ልኬቶች የመጡት አጥንትንም ከሰልንም ከዝናብ ከጠበቁ ዋሻዎችና የዓለት ጥላዎች ነው።

ከሁሉ ይልቅ በብዛት የተለካው በወላይታ በዳሞታ ተራራ ላይ ያለው ሞቼና ቦራጎ ነው። በመጀመሪያ በፈረንሳይ ቡድን፣ በኋላም በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ስቲቨን ብራንት በሚመራው ቡድን የተቆፈረ ሲሆን፣ በ2012 ይፋ የሆነው የዘመን ቅደም ተከተል ከ50 በላይ በሆኑ የከሰል ልኬቶች ላይ የቆመ ነው። የታችኞቹ ንብርብሮች ራዲዮካርቦን ሊደርስበት የሚችለውን ጫፍ፣ ማለትም 50,000 ዓመትን ይነካሉ። ሥፍራው የዓለም የአየር ንብረት በቀዘቀዘና በደረቀ ጊዜ የደቡብ ምዕራቡ ደጋ ለሰው መጠጊያ ሆኖ ነበር ወይ የሚለውን ጥያቄ ለመመርመር የተመረጠ ነው። በባሌ ተራሮች በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ፊንጫ ሀበራ በ2019 ይፋ በሆነው ጥናት ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ሰው እንደ ሰፈረበት ታይቷል፤ ምግባቸውም በዚያው ደጋ የሚገኘው ትልቁ ፍልፈል ነበር።

በጋሞ ደጋ የሚገኘው ሞታ ዋሻ በ2012 የአንድ ሰው አጽም የተገኘበት ሲሆን፣ ልኬቱ 4,500 ዓመት ገደማ ሰጥቷል። በአካባቢው ቋንቋ በኩር ማለት በሆነው ባይራ በሚለው ስም የተጠራው ይህ ሰው ጂኖሙ፣ ማለትም ሙሉው የዘር መረጃው፣ በ2015 ታትሟል፤ ከአፍሪካ የጥንት ሰው ጂኖም ሲነበብ የመጀመሪያው ነበር። የዋሻው ቅዝቃዜ ያቆየው ዲኤንኤ በጅማ ቀይ አፈር ቢቀበር ኖሮ ባልተረፈ ነበር።

በጌዴኦ የሳካሮ ሶዶ ትክል ድንጋዮች ከዚህ የተለየ ጉዳይ ናቸው። ድንጋይ ራሱ በካርቦን አይለካም፤ የሚለካው ሲተከል በጉድጓዱ ውስጥ የቀረው የሚቃጠል ነገር ነው። በ2021 በዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የታተመው ውጤት አንዳንዶቹ ትክሎች በአንደኛው ክፍለ ዘመን እንደ ቆሙ አሳይቷል፤ ይህም ቀድሞ ይገመት ከነበረው በሺህ ዓመት ያህል ይቀድማል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ያም ሆኖ ከአንድ ሥፍራ የተወሰዱ ጥቂት ናሙናዎች በሺህ ለሚቆጠሩት የጌዴኦ ትክሎች ሁሉ ምስክር ሊሆኑ አይችሉም።

ለጅማ ቅርብ የሆነው በኤልሳቤት ሂልደብራንድ የተመራውና ውጤቱ በ2010 የታተመው የካፋ ጥናት ነው፤ በደን ውስጥ ይኖሩ የነበሩ አዳኞችና ለቃሚዎች ከእርሻና ከከብት ጋር እንዴት እንደ ተዋወቁ ለማወቅ በርካታ ዋሻዎችን ፈትሿል። ከኩማሊ ዋሻ የቡና ፍሬ መገኘቱ በተለይ ይጠቀሳል። የቡና መገኛ በጎማ ወረዳ ያለችው ጮጬ መሆኗን የጅማ ሰው ከልጅነቱ ሰምቶ ያደገው ነው፤ ካፋዎችም የራሳቸውን ይላሉ። በቁፋሮ በኩል የካፋው ማስረጃ ለጊዜው ቀድሟል፤ ፍሬው በዋሻ መገኘቱ ግን ሰዎች ቡናን እንደ ተጠቀሙበት እንጂ መጀመሪያ የት እንደ ለቀሙት አይናገርም። ጮጬም በዚህ ረገድ ገና አልተጠየቀችም።

ሉሲና የኦሞ ኪቢሽ ቅሪቶች በዚህ ዘዴ የተለኩ የሚመስላቸው አንባቢዎች አሉ። እነዚህ ከካርቦን ዘዴ ገደብ እጅግ የራቁ ስለሆኑ ዕድሜያቸው የተሰላው በዋናነት በእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ባለው አርጎን በተባለው ጋዝ ነው።

ከ1650 ወዲህ፦ የጅሬን ችግር

የጅማ ሰው ስለ ታሪኩ ሲጠየቅ አስቀድሞ የሚያነሣው የአባ ጅፋርን ዘመን ነው። የጊቤ መንግሥታት፣ ማለትም ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ፣ ኃይላቸው የጎላው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 ነግሠዋል። በጅሬን ኮረብታ ላይ የቆመው የእንጨት ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም የከተማዋ ኩራት ነው።

ራዲዮካርቦን ግን እዚህ ላይ ሲደርስ ዓይኑ ይደክማል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እስከ 1950 ባለው ጊዜ የማስተካከያው መስመር እየወጣና እየወረደ ስለሚሄድ፣ አንድ ጥሬ ቁጥር በዚህ ሦስት መቶ ዓመት ውስጥ አራት ወይም አምስት የተለያዩ ወቅቶችን እኩል ሊያመለክት ይችላል። ከፋብሪካ የሚወጣው ጭስ አየሩን በአሮጌ ካርቦን ማሳሳቱ፣ በኋላም የኑክሌር ሙከራዎች በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሰሜኑን ንፍቀ ክበብ ካርቦን 14 በእጥፍ ገደማ ማሳደጋቸው ሁኔታውን የባሰ አወሳስቦታል። ስለዚህ ለዚህ ዘመን የአባቶች የትውልድ ቆጠራና እንደ አንቷን ዳባዲ ያሉ በ1840ዎቹ እናርያን ያዩ ተጓዦች ማስታወሻ ከላቦራቶሪው ይበልጣሉ። የድሮዎቹ የድንበር ኬላዎችና ቦዮችም በዚሁ ችግር ውስጥ ናቸው፤ ከቦዩ ግርጌ የሚገኝ ከሰል የተቆፈረበትን ንጉሥ አይለይም።

መፍትሔ ሊሆን የሚችለው ከአንድ ምሰሶ የተለያዩ ቀለበቶችን በተራ ወስዶ መለካትና የውጤቶቹን ቅርጽ ከመስመሩ መውጣትና መውረድ ጋር ማስማማት ነው። ይህ በቀለበቶቹ መካከል ያለው የዓመት ርቀት መታወቁን ይጠይቃል፤ ዝናብ ከዓመት ዓመት በማይርቅበት በጅማ ደን ግን የብዙ ዛፎች ቀለበት በግልጽ አይታይም። ምሰሶዎቹም በዕድሳት ተቀይረው ሊሆን ስለሚችል የጥገና መዝገብ ከናሙናው ጋር አብሮ መመርመር አለበት።

ፈቃድና ላቦራቶሪ

በአዋጅ ቁጥር 209/1992 (ዓ.ም.) መሠረት የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ያለ ፈቃድ አይካሄድም፤ ለምርመራ ወደ ውጭ የሚላክ ናሙናም በቅርስ ባለሥልጣኑ እውቅና ይወጣል። አቶም በአቶም የሚቆጥረው መሣሪያ በአፍሪካ በመጀመሪያ የተተከለው በደቡብ አፍሪካ በጆሃንስበርግ ኢቴምባ ላብስ ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ የሚወጡ ናሙናዎች በአብዛኛው ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ይሄዳሉ። በ1999 የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ተቋሙ ተዋሕደው የመሠረቱት፣ ማኅበረሰብ ውስጥ ገብቶ በማስተማር ስሙን ያተረፈው ጅማ ዩኒቨርሲቲ የታሪክና የቅርስ አስተዳደር ትምህርት ይሰጣል፤ የአፈርና የዕፀዋት ዕውቀቱም በግብርና በኩል ከቀድሞ ጀምሮ የበለጸገ ነው። ከሰሉ የዝግባ ይሁን የቡና ግንድ ወደ ውጭ ከመላኩ በፊት በአጉሊ መነጽር መለየት ይህንኑ ዕውቀት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ከላቦራቶሪው የሚመለሰው ውጤት ሲታተምም የላቦራቶሪው መለያ ቁጥር፣ ጥሬው ዕድሜ ከነስሕተት ወሰኑ፣ የተለካው ነገር ዓይነት፣ የተገኘበት ንብርብርና የተሠራበት የማስተካከያ መስመር አብረው ይጻፋሉ፤ መስመሩ በታደሰ ቁጥር ስሌቱን እንደገና መሥራት የሚቻለው እነዚህ ሲኖሩ ነው።