ታራሚዎች የዲሲፕሊን ቅጣትን በፍርድ ቤት የሚሞግቱበት መንገድ

ታራሚ ማረሚያ ቤት ውስጥ ጥፋት ሠራ ሲባል ጉዳዩን መጀመሪያ የሚያየው ብዙውን ጊዜ ዳኛ አይደለም። የቤቱ ኃላፊ ወይም ከሠራተኞች የተውጣጣ ኮሚቴ ነው። ቅጣቱም ይለያያል። ጠያቂ መከልከል አለ፣ ለብቻ መታሰር አለ፣ በመልካም ጠባይ የተገኘ የእስራት ቅናሽን መሰረዝም አለ። የመጨረሻው የመፈቻውን ቀን ስለሚያርቅ ፍርድ ቤቶችን ብዙ አነጋግሯል።

አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤቶች ለረጅም ጊዜ እስር ቤት ውስጥ እጃቸውን አያስገቡም ነበር። በ1871 እ.ኤ.አ. አንድ የቨርጂኒያ ፍርድ ቤት ፍርደኛን «የመንግሥት ባሪያ» እስከማለት ደርሷል። በዲሲፕሊን ቅጣት ረገድ ይህን የለወጠው ከነብራስካ ግዛት የመጣው የ1974ቱ የዎልፍና የማክዶኔል መዝገብ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የእስራት ቅናሽ ሊሰረዝበት የሚችል ታራሚ ክሱ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ይድረሰው አለ። ደኅንነትን እስካላሰጋ ድረስም ምስክርና ሰነድ ማቅረብ ይችላል። የተቀጣበት ምክንያት ከነማስረጃው በጽሑፍ ይሰጠዋል። ጠበቃና መስቀለኛ ጥያቄ ግን መብት አልሆኑም። ዳኛ ባይሮን ዋይት በሕገ መንግሥቱና በእስር ቤቶች መካከል የብረት መጋረጃ የለም ያሉት እዚሁ ፍርድ ላይ ነው። ችሎቱ ቢኮራበት አይፈረድበትም።

ከዚያ በኋላ በሩ ጠበበ። በ1985 የማሳቹሴትስ ጉዳይ አንድ ጠባቂ ግርግር ሰምቶ ሲደርስ የተደበደበ እስረኛ አገኘ፤ ሦስት እስረኞችም ሲርቁ አየ። ማን እንደመታ ያየ የለም። ፍርድ ቤቱ ግን «ጥቂት ማስረጃ» ካለ ይበቃል ብሎ የ100 ቀን ቅናሽ መሰረዙን አጸና። ወንጀል ችሎት ቢሆን ይህ ማስረጃ ሩቅ አይሄድም ነበር። በ1995 ደግሞ ከሃዋይ በመጣ መዝገብ ለቅጣት ለ30 ቀን ከሌሎች ተለይቶ መታሰር ብቻውን የሥነ ሥርዓት መብት አያስነሳም ተባለ። መለኪያው ከተለመደው የእስር ሕይወት የወጣ ከባድ ጫና መኖሩ ሆነ። ፍርዱ 5 ለ 4 ነበር፤ ትክክል ነው አይደለም የሚለው ክርክር አላበቃም። የታራሚዎችን ክስ የሚገድበው የ1996ቱ የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ደግሞ የእስር ሁኔታን የሚመለከት ክስ ከመቅረቡ በፊት የውስጥ ቅሬታ ደረጃዎች ሁሉ ማለቅ አለባቸው ይላል። በ2006 የውስጥ ቅሬታ የጊዜ ገደብን ያሳለፈ ሰው በሩ እንደሚዘጋበት ተወስኗል። ብዙ ክስ ፍሬ ነገሩ ሳይሰማ የሚቀረውም እዚህ ላይ ነው።

በእንግሊዝ መነሻው የ1976ቱ የሀል እስር ቤት ረብሻ ነው። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1979 የእስር ቤት ቦርድ ቅጣትን መመርመር እችላለሁ አለ። በወቅቱ የአገሪቱ ከፍተኛው ችሎት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት በ1988 ይህንኑ ወደ እስር ቤት ኃላፊዎች ውሳኔ አሰፋው። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ደግሞ በ2003 ተጨማሪ የእስር ቀናት በሚጣልባቸው ሁለት ጉዳዮች ጠበቃ መከልከሉ ስህተት ነው ብሏል። ካናዳም በ1979 ፍትሐዊ አሠራርን ግዴታ አድርጋለች። በ2015 የጸደቁት የማንዴላ ደንቦች (የተባበሩት መንግሥታት የእስረኞች አያያዝ ዝቅተኛ ደንቦች) በበኩላቸው ታራሚው ቅጣቱ በፍርድ ቤት እንዲታይለት የመጠየቅ ዕድል ይኑረው ይላሉ።

ፍርድ ቤቱ በአብዛኛው ጥፋቱን እንደገና አይሰማም። ሥነ ሥርዓቱ መከበሩን፣ ለውሳኔው መሠረት መኖሩን ነው የሚያየው። ስለዚህ የክስ ማስታወቂያ፣ ምስክር ይጠራልኝ ያለበት ጥያቄና የውሳኔው ግልባጭ ክርክሩን ይወስኑታል። ታራሚው ቢረታም ቅጣቱ ይሰረዝና ጉዳዩ ብዙ ጊዜ ወደዚያው ማረሚያ ቤት ተመልሶ እንደገና ይሰማል።