ለአሮጌ የወርክሾፕ ማሽኖች መለዋወጫ ማፈላለግ

ቶርኖ (ብረትን እያሽከረከረ የሚቆርጥ)፣ ፍሬዛ (በሚሽከረከር መቁረጫ ብረት የሚቆርጥ)፣ ትራፓኖ (መብሻ) እና መሰል የወርክሾፕ ማሽኖች ብዙውን ጊዜ ካመረቷቸው ፋብሪካዎች የበለጠ ዕድሜ አላቸው። በወቅቱ ዘይት የሚጠጣና በአግባቡ የተያዘ ቶርኖ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሠርቶም ብረት መቁረጥ አያቅተውም፤ አምራቹ ግን በዚያው ጊዜ ውስጥ ሊሸጥ፣ ከሌላ ጋር ሊዋሐድ ወይም ጨርሶ ሊዘጋ ይችላል። በእንግሊዝ አገር ኖቲንግሃም አጠገብ በቢስተን ትናንሽ ቶርኖዎችን ሲሠራ የኖረው የማይፎርድ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2011 ተዘግቷል፤ ቶርኖዎቹ ግን ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው።

መለዋወጫ የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መለየት የሚገባው፣ የተበላሸው ዕቃ የዚያ ማሽን ብቻ መሆኑን ወይም ፋብሪካው ራሱ ከሌላ አምራች ገዝቶ የገጠመው መደበኛ ዕቃ መሆኑን ነው። ይህን ባለመለየት በማንኛውም የኩሽኔታ መደብር የሚገኝን ዕቃ በማሽኑ ስም እየጠየቁ ወራት የሚያባክኑ ብዙዎች ናቸው። ኩሽኔታ፣ ቺንጋ (ቀበቶ)፣ ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይፈስ በዘንግ ዙሪያ የሚገጠም ማሸጊያ)፣ ቡሎንና አብዛኛው ሞተር ከሁለተኛው ወገን ይመደባሉ።

ኩሽኔታ ማንነቱን በጎኑ ላይ ተቀርጾ በሚገኘው ቁጥር ይናገራል። ለምሳሌ 6205 በሚለው ቁጥር የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች በ5 ሲባዙ የቀዳዳውን ስፋት በሚሊ ሜትር፣ ማለትም 25ን ይሰጣሉ፤ የውጭ ስፋቱ 52፣ ወርዱ ደግሞ 15 ሚሊ ሜትር ነው። ስሌቱ የሚሠራው ከ04 ጀምሮ ሲሆን፣ 00፣ 01፣ 02 እና 03 በቅደም ተከተል 10፣ 12፣ 15 እና 17 ሚሊ ሜትርን ያመለክታሉ። ልኮቹ ዓለም አቀፍ በመሆናቸው የአንዱ ፋብሪካ 6205 በሌላው ቦታ ይገባል። ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚጻፈውም ቸል ሊባል አይገባም፤ «ሲ3» የሚለው የውስጥ ክፍተቱ ከተለመደው የሰፋ መሆኑን ያሳያል። በቶርኖ ዋና ዘንግ ላይ ደግሞ የልክ መግጠም ብቻውን አይበቃም፤ ቦታው ከፍተኛ ትክክለኛነት ያለው ኩሽኔታ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ተራው ቢገባም የሚወጣው ሥራ ንዝረት የታየበትና ክብነቱ የተጓደለ ይሆናል።

ፓራኦሊዮም በሦስት ልኮች ይጠራል፦ 25፣ 40 እና 7 ቢል የዘንጉን ውፍረት፣ የሚቀመጥበትን ቀዳዳና የራሱን ወርድ ማለት ነው። በቺንጋ በኩል ግን ያረጀውን ቺንጋ ለክቶ አዲስ መግዛት ያሳስታል፤ ጎኑ ስለተበላና ስለላላ ጠብቦና ረዝሞ ይገኛልና። «ኤ» የሚባለው ቺንጋ በላይኛው ገጹ 13፣ «ቢ» የሚባለው 17 ሚሊ ሜትር ስለሚሰፋ፣ ትክክለኛውን ዓይነት ለማወቅ ቺንጋው የሚዞርበትን የፑሌጃውን (የመዘውሩን) ቦይ መለካት ይሻላል።

ከሁሉ የበለጠ ጉዳት የሚያደርሰው ስህተት በቡሎን ላይ የሚፈጸመው ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 ያቀረበው የእንግሊዝ የቡሎን ጥርስ ማዕዘኑ 55 ዲግሪ ሲሆን፣ የሜትሪኩም ሆነ የአሜሪካው 60 ዲግሪ ነው። ግማሽ ኢንች ውፍረት ያለው የዊትዎርዝ ቡሎን በአንድ ኢንች 12 ጥርስ አለው፤ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው የአሜሪካ ቡሎን ደግሞ 13። ውፍረታቸው እኩል ስለሆነ አንዱ በሌላው ቀዳዳ ጥቂት ዙር ያለ ችግር ይገባና ይነክሳል፤ በዚያ ጊዜ በቁልፍ ያስገደደ ሰው የሚያበላሸው ርካሹን ቡሎን ብቻ ሳይሆን ሊተካ የማይችለውን የጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) አካል ነው። ስለዚህ የጥርስ መለኪያ ሳይዙ የአሮጌ ማሽን ቡሎን መተካት ፈጽሞ አይመከርም።

ማርሽም በስሌት ይለያል። ቀጥ ያለ ጥርስ ላለው ማርሽ ጥርሶቹ ተቆጥረው 2 ይደመርባቸውና የውጭ ስፋቱ በሚሊ ሜትር ለድምሩ ይካፈላል፤ ባለ 40 ጥርስ ማርሽ 84 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ፣ 84 ለ42 ሲካፈል ሞጁሉ (የጥርሱን ትልቅነት የሚገልጸው ቁጥር) 2 ይሆናል። ውጤቱ ከታወቁት የሞጁል ቁጥሮች ጋር ካልተስማማ፣ ማርሹ በኢንች የተሠራ ሊሆን ስለሚችል በግልባጩ ድምሩን በኢንች ለተለካው ስፋት ማካፈል ነው፤ ባለ 40 ጥርሱ 3.5 ኢንች ቢሰፋ 12 ይወጣል፤ ይህም በኢንች ለተሠሩ ማርሾች የጥርሱን ትልቅነት የሚገልጸው ቁጥር ነው። በዚህም አያበቃም፤ በብዙ አሮጌ ማሽኖች የጥርሱ የግፊት ማዕዘን (የጥርሱን ጎን ዘንበልታ የሚወስነው) 14.5 ዲግሪ ሲሆን በዛሬዎቹ 20 ዲግሪ በመሆኑ፣ ቁጥሩ የተስማማ ማርሽ እንኳ ከነባሩ ጋር ሲነካከስ ሊጮህና ቶሎ ሊያልቅ ይችላል።

የማሽኑ ብቻ የሆኑትን ዕቃዎች ለማግኘት የተከታታይ ቁጥሩ ያስፈልጋል። ሳውዝ ቤንድ በተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ቶርኖዎች ላይ ይህ ቁጥር በአልጋው (ሌሎቹ አካላት በሚንሸራተቱበት ረጅም መሠረት) የቀኝ ጫፍ በሐዲዶቹ መካከል ተመትቶ ይገኛል፤ የስም ሰሌዳው ቢጠፋም ቅባቱ ሲጠረግ ይታያል። ቁጥሩ ከታወቀ በኋላ ዋናው ምንጭ ሌላ የሞተ ማሽን ነው፤ አልጋው የተሰነጠቀን ማሽን ገዝተው በየአካሉ የሚሸጡ ነጋዴዎች አሉ። ሆኖም በቀድሞው ዘመን የሚንሸራተቱ አካላት እርስ በርስ በእጅ እየተፋቁ ይገጣጠሙ ስለነበር፣ ከሌላ ማሽን የመጣ ጋሪ (መቁረጫውን ተሸክሞ በአልጋው ላይ የሚንሸራተት አካል) ሞዴሉ አንድ ቢሆንም በአዲሱ አልጋ ላይ እንደገና መፋቅ ሊያስፈልገው ይችላል።

ያልተገኘው ይሠራል። ጋሪውን በሚያንቀሳቅሰው ቪቴ (ባለ ጥርስ ረጅም ዘንግ) ላይ ያለው የነሐስ ዳዶ ከቪቴው ቀድሞ እንዲያልቅ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ በብዛት የሚሠራው እርሱ ነው፤ ጥርሱ በኢንች ማሽን 29፣ በሜትሪክ 30 ዲግሪ ሲሆን፣ ልኩም ከዳዶው ሳይሆን ብዙ ካልሠራው የቪቴው ጫፍ ይወሰዳል። አንዳንዱ ቪቴ የግራ ጥርስ መሆኑንም ማስተዋል ያሻል። የተሰበረ የጊዛ እጀታን እንደ ሞዴል ተጠቅሞ የሚያስቀልጥ ሰው ደግሞ፣ ጊዛ ሲቀዘቅዝ አንድ በመቶ ያህል ስለሚኮማተር፣ 200 ሚሊ ሜትር የነበረው ዕቃ 2 ሚሊ ሜትር ያህል አጥሮ እንደሚወጣ አስቀድሞ ማሰብ አለበት። ለዚህ ሁሉ መነሻው አሮጌው ዕቃ ነውና፣ አዲሱ ተገጥሞ ጭነት ተሸክሞ እስኪሠራ ድረስ ስባሪው እንኳ አይጣልም።