የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም

ይህን ተረት ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። አንድ ሰው በጨዋታ መሀል ያላሰበው ነገር ሲያመልጠው፣ አጠገቡ ያለው ጉልበቱን ነካ ያደርግና «ኧረ ተው፣ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይለዋል። አንዳንዱ «የምላስ ወለምታ» ይላል። ያው ነው።

ተረቱን አሁን አሁን የምንጠቀምበት ሰውን ዝም ለማሰኘት ነው። በተለይ ቀልድ የሚያወሩ ልጆችን። «አርፈህ ተቀመጥ፣ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» እንላቸዋለን። እኔ ግን ተረቱ ዝም በል የሚል አይመስለኝም። እንዲህ ማሰብ የጀመርኩት ደብረ ሲና ላይ፣ እግሬን ወለም ብሎኝ መንገድ ዳር በተቀመጥኩበት ቀን ነው።

መጀመሪያ ቃሉን እንየው። ወለምታ ስብራት አይደለም፤ ቁስልም አይደለም። ደህና ሲራመድ የነበረ እግር ጠጠር ረግጦ ዞር ሲል ነው። «እግሬን ወለም አለኝ» እንላለን። «ወለም አደረግኩት» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። ቋንቋው ራሱ ባለቤቱን ነፃ ያወጣዋል። አስቦ አላደረገውም፣ መጣበት እንጂ። ስለዚህ ስድብ ወለምታ አይባልም። ሰውን ለማዋረድ ታስቦበት፣ ተዘጋጅቶ የተነገረ ቃልም ወለምታ አይባልም። ተረቱ የሚያወራው በደህና ጨዋታ መሀል ስለሚያመልጥ ቃል ነው። ወለም የሚለው ደግሞ የሚራመድ ሰው ነው፤ የተኛ ሰው ወለም አይለውም።

አባባሉ የወጣው ከወጌሻ እጅ ነው። ወጌሻ ሲያሽ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ቅቤውን በመዳፉ ያቀልጣል። ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ ይጀምርና ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ቅቤው እጁን ያንሸራትትለታል፣ ቆዳው እንዳይላጥ ያደርጋል። አውራ ጣቱ የታመመውን ቦታ ይፈልጋል። «እዚህ ጋ ነው?» ይላል። ሰውየው ሲጮህ ተገኘ ማለት ነው። ከዚያ ስለ ዝናብ፣ ስለ ገበያ እያወራ ያዘናጋውና ድንገት ሳብ! በጨርቅ ጥፍር አድርጎ ያስረዋል። አለቀ።

የአፍስ የት ጋ ይታሻል? እግርህን ወለም ሲልህ የሚያምህ አንተን ነው። አፍህን ወለም ሲልህ ግን የሚያመው ሰሚውን ነው። የተጣመመው አንተ ጋ፣ ህመሙ ሌላ ሰው ጋ። የራስህን አፍ በቅቤ ብታሸው፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚያመውን ሰው ምን ይጠቅመዋል? የተረቱ ጉልበት እዚህ ላይ ነው።

ቅቤ ደግሞ በአማርኛ ሌላም ሥራ አለው። ንግግሩ ለስላሳ የሆነውን ሰው «ቅቤ ምላስ» እንለዋለን። አታላዩን «አፈ ቅቤ፣ ልበ ጩቤ» እንለዋለን። ስለዚህ «በቅቤ አይታሽም» ሲባል «በለስላሳ ቃል አይሸፈንም» የሚለውም አብሮ ይሰማኛል። ሰሙ የወጌሻው ቅቤ ነው፣ ወርቁ የምላስ ቅቤ።

አሁን ወደ መንገዱ ልምጣ። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ነው። አብረውኝ የነበሩት ሁለት ኮሜዲያን ጓደኞቼ ናቸው፤ አንዱ በዕድሜ ገፋ ያለ፣ ሌላው ገና ልጅ። አገር አቋራጭ አውቶቡስ ለእነሱ ትምህርት ቤት ነው። ረዳቱ «አንድ ሰው ብቻ!» እያለ አምስት ሰው ሲጭን ያያሉ። ገና ኮምቦልቻ ሳንደርስ ምሳቸውን ፈትተው «ብሉ እንጂ፣ ብሉ» የሚሉ እናትን ያያሉ። ከሁሉም በላይ ግን መስኮቱን። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሙቀቱ ሸሚዝ ያስወልቃል። ግን መስኮት ሁሉ ዝግ ነው። አንዱ ትንሽ ከፈት ሲያደርግ ከኋላ «ኧረ ዝጋው፣ ንፋስ ይመታናል!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ልጁ ተነስቶ ቆመ። «በዚህ አገር የመናገር ነፃነት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ተጽፏል፤ መስኮት የመክፈት ነፃነት ግን የትም አልተጻፈም» አለ። አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። ዝጋው ያሉት ሰውዬም ሳቁና ራሳቸው ከፈቱት።

ትልቁ ኮሜዲያን ልጁ ሲቀመጥ «አየህ፣ እዚህ ሁላችንም አብረን ሞቆናል። ለዚያ ነው የሳቁልህ» አለው። ልጁ ዝም አለ። ለምን ዝም እንዳለ አውቃለሁ።

ከወራት በፊት መድረክ ላይ የአያቱን ታሪክ አውርቶ ነበር። አያቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ መጥተው ታክሲ ውስጥ የገጠማቸውን። 12 ደቂቃ የሚፈጅ፣ ፍቅር የሞላበት ጨዋታ ነው። መሀል ላይ የአንድ አካባቢ ሰዎችን አነጋገር አስመሰለ። እዚያች ጋ ትንሽ በዛበት፤ እሱም ያምናል። ከ12 ደቂቃው 18 ሰከንድ ተቆርጦ ቲክቶክ ላይ ወጣ። አያቱ የሉበትም፣ ታክሲው የለበትም፣ አነጋገሩ ብቻ። ሌሊቱን ስልኩ ሲንጫጫ አደረ። «ሙድ ያዘብን» ያለው አለ። እናቱን የሰደበው አለ። «አታካብዱ፣ ቀልድ ነው» ብሎ የተከራከረለትም ከሌላው ጋር ተሰዳድቦ አደረ።

ጠዋት ቪዲዮ ቀርጾ ለቀቀ። «ቅር የተሰኘ ካለ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለ። ነገሩ ባሰበት። እኔ ይህን ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ችግሩ «ካለ» የምትለው ቃል ናት። ሺህ ሰው አመመኝ እያለ «ካለ» ይባላል? የታመመውን ቦታ ሳይነካ ላይ ላዩን ማሸት ማለት ይህ ነው። ቅቤ ነው።

ኮሜዲያኖች ተሰብስበው ስለ መናገር ነፃነት ሲያወሩ ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት የድሮውን ነው። አዝማሪው ጌታውን ፊት ለፊት በሰምና ወርቅ ይወጋው ነበር። ነገሥታትም «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። በ19ኛው መቶ ዘመን የኖሩት አለቃ ገብረሐናማ ቤተ መንግሥቱንም ቤተ ክህነቱንም አልማሩም። በስማቸው ከሚነገሩት ቀልዶች አንዱ የመንገድ ነው። አለቃ አህያ የሚነዳ ገበሬ ያገኙና ጎንበስ ብለው «እንደምን ዋላችሁ?» ይሉታል። ገበሬው ደስ ብሎት አመስግኖ ያልፋል። ብቻውን ሆኖ ሳለ «ዋላችሁ» መባሉ የገባው ርቆ ከሄደ በኋላ ነው። አለቃ ለካ አህያውንም ሰላም ብለዋል!

ግን ያ ገበሬ ቢናደድ ተመልሶ ይደርስባቸው ነበር። አለቃም ማንን እንደነኩ ያውቃሉ። መንገዱ አንድ ነው። ዛሬ ደሴ ላይ የተነገረ ቀልድ ሪያድ ላለ ሰው፣ ዋሽንግተን ላለ ሰው፣ ቴል አቪቭ ላለ ሰው ይደርሳል። አንዱ ከሥራ ደክሞት ሲገባ ያየዋል። ሌላው ቤተሰቡ ባለበት አካባቢ ረብሻ ሰምቶ ልቡ በተሰቀለበት ሰዓት ያየዋል። ቁጣው ሁሉ ከባዶ የመጣ ነው ብሎ ማለፍ ልክ አይደለም። ሰው የራሱን ቁስል ይዞ ነው ስልኩን የሚከፍተው።

ሕጉም ቢሆን በዚህ ልዩነት ላይ ነው የቆመው። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ የጥላቻ ንግግር የሚለው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያስፋፋ ንግግርን ነው። «ሆን ብሎ» የምትለዋ ቃል ዋና ናት። ለኪነ ጥበብ ሥራም ለይቶ ቦታ ይተዋል። ወለምታና ክፋት በሕግም፣ በቋንቋም የተለያዩ ናቸው። ስልክ ላይ ግን አንድ ላይ ይወገራሉ። በዚህ በጣም አዝናለሁ። ጎበዝ ልጆች አንዴ ወለም ብሏቸው ለዘላለም መራመድ ሲያቆሙ አይቻለሁ።

ደብረ ሲና አውቶቡሱ ቆመ። ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ከበቡት። እኔም ቆሎ ልገዛ ስወርድ የመጨረሻው ደረጃ ላይ እግሬን ወለም አለኝ። መቆም አቃተኝ። እዚያው መንገድ ዳር ቁጭ አልኩ። እነዚያ «ብሉ እንጂ» ሲሉ የነበሩት እናት ከአውቶቡሱ ወረዱ። አዲስ አበባ ለወለደች ልጃቸው በትንሽ ባልዲ ቅቤ ይዘዋል። ሸዋ ሮቢት ላይ ግማሹ ቀልጧል። «ጫማህን አውልቅ ልጄ» አሉኝ። በሁለት ጣታቸው ጨለፍ አድርገው ጀመሩ። የቅቤው ሽታ ከትኩስ ቆሎው ሽታ ጋር ተቀላቅሎ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። «እዚህ ጋ ነው?» ሲሉኝ ጮህኩ። ሳብ አደረጉት። በነጠላቸው ጫፍ ላብ ላቤን ጠረጉልኝና «የእግርስ ቀላል ነው፣ የአፍ አይሁን እንጂ» አሉ።

ልጁ አጠገባችን ቆሞ ነበር። «እማማ፣ የአፍ ከሆነስ ምን ይደረጋል?» አላቸው።

ቀና ብለው አዩት። «ማንን አስቀየምክ?»

«ብዙ ሰው።»

«ብዙ ሰው አይባልም። ብዙ ሰው ደጅ አይኬድም። አንዱን ንገረኝ።»

በእኛ ባህል እርቅ እንደዚያ ነበር። የበደለ ሰው ሽማግሌ ይልካል። አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ራሱ ይሄዳል። «ካለ» አይልም፤ «አጥፍቻለሁ» ይላል። የተበደለውም አለኝ የሚለውን ሁሉ ይናገራል። ወጌሻው የሚያመውን ቦታ በጣቱ እንደሚፈልገው ሁሉ፣ እርቅም ያመመው ሰው ጋ ሄዶ «እዚህ ጋ ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ተረቱ «አይድንም» አላለም። «በቅቤ አይታሽም» ነው ያለው። መድኃኒቱ ሌላ ነው።

አውቶቡሱ ወደ ጣርማ በር መውጣት ሲጀምር ልጁ ስልኩን አወጣ። የዚያን ሌሊት አስተያየቶች ወደ ታች፣ ወደ ታች እየሳበ ብዙ ፈለገ። ከስድቡ ሁሉ መሀል አንድ ያልተሳደበ ሰው ነበር። «አያቴ እንዲህ ነው የምታወራው። በእሷ ሲሳቅ ማየት አልችልም» ይላል። ልጁ ጻፈ፣ አጠፋ፣ እንደገና ጻፈ። በመጨረሻ የላከው አጭር ነበር። «ስለ አያትህ አጥፍቻለሁ። ያወራሁት ስለ ራሴ አያት ነበር፤ አነጋገሩን ሳስመስል ግን በዛሁ።» የጣርማ በር የመኪና መንገድ ዋሻ ውስጥ ስንገባ ኔትወርክ ጠፋ። ስልኩን ጭኑ ላይ ገልብጦ አስቀመጠው።

መልሱ የመጣው ደብረ ብርሃን ስንደርስ ነው። ለሁለታችንም አነበበልን።

«እሺ ወንድሜ። እስቲ ሙሉውን ላክልኝ።»