ኮስት ሼሪንግ በደሴና በኮምቦልቻ ተማሪዎች ዘንድ

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢው ደሴ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ደግሞ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ይገኛል። በሁለቱም ግቢ መደበኛ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። ተማሪው ኮስት ሼሪንግ ይለዋል። አብዛኛው ሳያነበው ነው የሚፈርመው፤ ከኋላው ሰልፍ አለ፣ ዶርምም ገና አልያዘም።

ሥርዓቱ የመጣው በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 ነው። ተማሪው ከማስተማሪያው ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን ይሸከማል። ምግብና መኝታ ግን ሙሉ ወጪው ይታሰብበታል። ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፍላል፣ ቢበዛ በ15 ዓመት። በመምህርነት ለሚያገለግል ደንቡ በአገልግሎት መክፈልን ይፈቅዳል።

እዚህ ላይ ኖን ካፌ የሚሆኑት፣ ማለትም በግቢው ካፌ መመገቡን ትተው የምግቡን ብር በእጃቸው የሚቀበሉት፣ ይገርማሉ። በየወሩ የሚቀበሏትን የምግብ ብር ብዙዎቹ እንደ ኪስ ገንዘብ ነው የሚያዩዋት። እሷም ዕዳው ላይ እንደምትደመር ትዝ የሚላቸው ሲመረቁ ነው።

ዕዳው ወለድ የለውም። ሙስሊሙ በሚበዛበት ወሎ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ ወለድ ቢኖረው ኖሮ ስንቱ ቤት ጭቅጭቅ ይነሳ ነበር። ብር በየዓመቱ አቅሙ ስለሚዳከም ዘግይቶ መክፈል ያዋጣል የሚሉ ተማሪዎችም አሉ። ሒሳባቸው ልክ ነው።

ችግሩ ኦርጂናሉ ላይ ነው። ተመራቂው ቴምፖውን፣ ማለትም ጊዜያዊ ዲግሪውን፣ ይዞ ይወጣል፣ ዋናው ዲግሪ ዕዳው እስኪከፈል ሬጅስትራር ይቀመጣል። ባጃጅ ለሚነዳ ወይም ፒያሳ ሱቅ ለከፈተ ምሩቅ ይሄ ምኑም አይደለም። ደመወዝ ስለሌለው የሚቆርጥበት አሠሪም የለም። ውጭ አገር ሥራ ወይም ትምህርት ያገኘ ቀን ግን ሩጫ ይጀመራል፤ ያኔ ዘመድ ተሰብስቦ ያዋጣለታል።

ተማሪውን እንቅልፍ የሚነሳው ሌላ ብድር ነው። ከለጋምቦ ወይም ከወረባቦ የመጣ ልጅ አባቱ ለመሳፈሪያና ለልብስ ከማን እንደተበደረ፣ የትኛው በግ እንደተሸጠ ያውቃል። እናቱ ዕቁብ ቀድሞ እንዲወጣላት ዳኛውን ለምና ይሆናል። ይሄ ብድር ውል የለውም፤ ሥራ ሳይዙ አገር ቤት መመለስን የሚያከብደው ግን እሱ ነው። የመንግሥቱን ዕዳ ተማሪዎች እየሳቁ ነው የሚያወሩት።

የግል ኮሌጅ ተማሪ ኮስት ሼሪንግ የለውም፤ ክፍያው እጅ በእጅ ነው። ባንክ እንዳይሄድ ማስያዣ ይጠየቃል፣ የቤት ካርታ ደግሞ ያለው አባቱ ጋ ነው፣ ያውም ካለ። ስለዚህ ቀን እየሠሩ ማታ ወይም ቅዳሜና እሁድ የሚማሩ ብዙ ናቸው። በ2009 የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለአንዳንዶቹ የሥራ በር ከፍቷል፤ ከደመወዙ ላይ የቤት ኪራይና የኮሌጅ ክፍያ ሲነሳ ለወሩ መጨረሻ የምትተርፈው ግን ጥቂት ናት።