«ጾም ጋሻ ነው»፦ ከረመዳን ውጭ ያለው ትርጉሙ

«ጾም ጋሻ ነው» የሚለው አባባል ረመዳን ሲቃረብ በየቦታው ብቅ ይላል። ባሕር ዳር ውስጥ ስልክ የያዘ ሙስሊም ከዘመድም ከጓደኛም ይደርሰዋል። ዒድ ሲያልፍ ግን አባባሉም አብሮ ይረሳል። እስከሚቀጥለው ዓመት የሚያነሳው የለም። ይህ ያሳዝነኛል። ምክንያቱም መነሻውን ስናይ፣ በተለይ በአንደኛው ሐዲስ (የነቢዩ ንግግር ዘገባ)፣ ንግግሩ የመጣው ሰው ከረመዳን ውጭ በፈቃዱ ስለሚይዘው ጾም ነው።

ንግግሩ የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው አቡ ሁረይራ ያስተላለፉትን ነው፤ ሐዲስ ሰብሳቢዎቹ ኢማም ቡኻሪም ኢማም ሙስሊምም ዘግበውታል። እዚያ ላይ «ጾም ጋሻ ነው» ከተባለ በኋላ ወሬው ወዲያው ወደ ምላስ ይሄዳል። ከእናንተ አንዱ በጾመ ቀን ጸያፍ አይናገር፣ አይጩህ፤ ሰው ቢሰድበው ወይም ሊጣላው ቢመጣ «እኔ ጾመኛ ነኝ» ይበል ይላል። ይህ ለረመዳንም ለሌላውም ጾም ይሠራል።

ሁለተኛው የሙዓዝ ኢብኑ ጀበል ሐዲስ ነው። ሐዲስ ሰብሳቢው ቲርሚዚ የዘገቡት ሲሆን ኢማም ነወዊም «አርባዎቹ ሐዲሶች» በሚባለው ስብስባቸው 29ኛው አድርገው አስቀምጠውታል። ሙዓዝ ከነቢዩ ጋር መንገድ ላይ ነበሩ። ሲጓዙ ጠጋ አሉና ጀነት የሚያስገባቸውን፣ ከእሳት የሚያርቃቸውን ሥራ ጠየቁ። ነቢዩም «ትልቅ ነገር ነው የጠየቅኸኝ፤ አላህ ላገራለት ሰው ግን ቀላል ነው» አሉ። ከዚያ ዘረዘሩለት። አላህን ብቻ መገዛት፣ ሶላት፣ ዘካ፣ የረመዳን ጾም፣ ሐጅ። ዝርዝሩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ረመዳንም ተቆጥሯል።

ነቢዩ ግን ቀጠሉ። «የመልካም ነገር በሮችን ላመላክትህ?» አሉና «ጾም ጋሻ ነው፤ ሰደቃ ውሃ እሳትን እንደሚያጠፋ ኃጢአትን ያጠፋል፤ ሰው በሌሊቱ እኩሌታ የሚሰግደው ሶላትም» አሉ። ልብ በሉ። ረመዳን ከተጠቀሰ በኋላ ጾም እንደገና ተነሳ። ሊቃውንት እዚህ ላይ የተፈለገው ሱናው (በፈቃድ የሚያዘው) ጾም ነው ብለው የሚያብራሩት ለዚህ ነው። አብረውት የመጡት ሰደቃ (ምጽዋት) እና የሌሊት ሶላትም ሰው በፍላጎቱ የሚሠራቸው ናቸው። ማንም አያስገድደውም፤ ቢተዋቸውም አይጠየቅባቸውም።

ይህ ሐዲስም መጨረሻው ምላስ ነው። ነቢዩ የራሳቸውን ምላስ ይዘው «ይህን ያዝ» አሉ። ሙዓዝ ገረማቸው። በምንናገረው ሁሉ እንጠየቃለን ወይ ብለው ጠየቁ። ሰዎችን በግንባራቸው እሳት ውስጥ የሚደፋቸው ምላሳቸው ያጨደው ካልሆነ ሌላ ምን ኖሮ የሚል መልስ አገኙ።

አሁን ወደ ጋሻው እንምጣ። በሌላ ዘገባ ጾም አንዳችሁ በውጊያ ጊዜ እንደሚይዘው ጋሻ ነው ተብሏል። ሐዲስ ሰብሳቢው ነሳኢ በዘገቡት በሌላው ደግሞ «እስካልበሳው ድረስ» የሚል ቃል ተጨምሯል። ለእኔ የአባባሉ ሙሉ ትርጉም ያለው እዚህች ላይ ነው። በእኛ አገር ጋሻ ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ ይሠራ ነበር። ጉማሬ ለባሕር ዳር ሰው ሩቅ አይደለም፤ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ዛሬም ይታያል። ያ ወፍራም ቆዳ ሲደርቅ ጦር ይመልሳል። ከተበሳ ግን አለቀ። ቀዳዳው ትንሽ ቢሆንም ጦሩ በዚያው ይገባል። ጾምን የሚበሳው ምንድን ነው ቢባል ሊቃውንት መጀመሪያ የሚያነሱት ሐሜትን ነው። የእኛም ሰው «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ይላል። ቀኑን ሙሉ ሳይበላ ሳይጠጣ ውሎ ሰው ሲያማ የዋለ፣ ጋሻውን ተሸክሞታል እንጂ አልተከላከለበትም።

ታዲያ ከረመዳን ውጭ ይህ ለምን ይበልጥ ይገባል? ሐሙስ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከአባይ ማዶ ወደ መሃል ከተማ የሚመላለስ የባጃጅ ሹፌር አስቡ። ፀሐዩ ከባድ ነው። ከሱሑር (ጎህ ሳይቀድ ከሚበላው ምግብ) ወዲህ ውሃ አልቀመሰም። ተራው ላይ ያሉት ጓደኞቹ በልተው ጠጥተው ይጫወታሉ። ከሐይቁ ዳር የአሳ ጥብስ ሽታ ይመጣል። አንድ ተሳፋሪ ሲወርድ በሂሳብ ይጨቃጨቀዋል፤ «ሌባ» ብሎትም ይሄዳል። ረመዳን ቢሆን ቤቱም፣ መስጊዱም፣ ጓደኛውም ይደግፈዋል። አጠገቡ ያለው «ተወው፣ ጾመህ አትጣላ» ይለዋል። ዛሬ መጾሙን የሚያውቅ የለም። በእሱና በዚያ ስድብ መካከል ያለው ያች ጠዋት የያዛት ኒያ (ለመጾም በልቡ የወሰነው) ብቻ ናት።

እዚህ ላይ «እኔ ጾመኛ ነኝ» ማለት ያለበት ጮክ ብሎ ነው ወይስ በልቡ? ሊቃውንት ተወያይተውበታል። ከእነሱ አንዳንዶቹ በረመዳን በአፉ ይበል፣ በሱና ጾም ግን እዩኝ ባይነት እንዳይገባበት ለራሱ በልቡ ይበል ብለዋል። ይህን አስተያየት በጣም እወደዋለሁ። ያ ሹፌር አንድም ቃል ሳይተነፍስ ሞተሩን አስነስቶ ቢሄድ፣ አባባሉን በሥራ ተርጉሞታል።

ቀኖቹን ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ሰኞና ሐሙስ ይታወቃሉ። ነቢዩ ስለ ሰኞ ሲጠየቁ የተወለዱበትና ወሕይ (የአላህ መልእክት) የወረደላቸው ቀን መሆኑን ተናግረዋል። በየጨረቃው ወር 13፣ 14 እና 15 ደግሞ አያሙል ቢድ ይባላሉ። ሐጅ ላይ ላልሆነ ሰው የዓረፋ ቀን፣ የሙሐረም 10ኛው ዓሹራ፣ ከረመዳን በፊት ያለው የሻዕባን ወርም አሉ። ከሁሉም በላይ በእኛ ዘንድ የሚዘወተረው የሸዋል፣ ማለትም ከረመዳን ቀጥሎ ያለው ወር፣ ስድስቱ ነው። ረመዳንን ጾሞ ከሸዋል ስድስት ያስከተለ ዘመኑን እንደጾመ ነው የሚለውን ሐዲስ ሙስሊም ዘግበውታል። ስሌቱ ቀላል ነው። መልካም ሥራ በአሥር ይባዛል፤ 30 ቀን 300፣ 6 ቀን 60፣ ድምሩ 360 ይሆናል፤ የዓመት ያህል ማለት ነው። ሐረሮች ይህን ጾም ሲፈጽሙ ሹዋሊድን ያከብራሉ፤ በዓሉ በ2023 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ባሕር ዳር ላይ እንዲህ ያለ አደባባይ የሚወጣ በዓል የለም። ስድስቱ በየቤቱ በዝምታ ተጾመው ያልቃሉ።

የሱና ጾም ምን ያህል ቀለል ብሎ እንደሚያዝ ለማየት ከነቢዩ ባለቤት ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የተላለፈውን ማየት ይበቃል። ነቢዩ አንድ ቀን ቤት ገቡና የሚበላ ነገር እንዳለ ጠየቁ። የለም ተባሉ። «እንግዲያው እኔ ጾመኛ ነኝ» አሉ። ሌላ ቀን ሲመጡ ሰው ሐይስ ልኮ ነበር፤ ቴምር ከቅቤና ከደረቅ አይብ ጋር ተለውሶ የሚሠራ ምግብ ነው። «እስቲ አሳይኝ፤ ጾመኛ ሆኜ ነበር ያነጋሁት» አሉና በሉ። አቤት እንዴት ያለ ቤት! ምሳ ሲጠፋ ጾም ይሆናል፤ ስጦታ ሲመጣ ደግሞ ይበላል። ከዚህ በመነሳት በሻፊዒና በሐነፊ መዝሀብ (የሕግ አስተምህሮ)፣ ምንም ሳይቀምስ ያረፈደ ሰው ቀኑ ሳይጋመስ የሱና ጾም መነየት ይችላል። የረመዳን ኒያ ግን በሻፊዒ መዝሀብ የግድ ከሌሊቱ ነው።

ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር በአንድ ግቢ ለሚኖር ይህ ጾም የራሱ ጨዋታ አለው። እነሱ ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ፤ እኛ ደግሞ ሰኞና ሐሙስ። ቡና ሲፈላ መጠራራት ስላለ መደበቅ ያስቸግራል።

«ነይ እንጂ ልጄ፣ አቦሉ ቀረበ!»

«ዛሬ ሱና ይዣለሁ እትዬ።»

«ውይ! ረመዳን አልቆ የለ እንዴ? በይ ማታ ስታፈጥሪ እንደገና ይፈላል።»

እንዲህ ሲጠየቁ መናገር እዩኝ ባይነት አይደለም። የተጋበዘ ጾመኛ «ጾሜያለሁ» እንዲል፣ ለጋባዡም ዱዓ እንዲያደርግ ሐዲስ አለ።

አባባሉን ያለ ቦታው መጠቀምም አለና ይህን ሳልናገር አላልፍም። ጋሻ ነው ተብሎ ሁልጊዜ አይያዝም። በሁለቱ ዒዶች ቀን መጾም ክልክል ነው። ከዒድ አል አድሃ ቀጥለው ያሉት ሦስት ቀኖችም የመብላትና የመጠጣት ቀኖች ናቸው። ዓርብን ብቻውን ነጥሎ መጾምም የተጠላ ነው። ከነቢዩ ባልደረቦች አንዱ የሆኑት አቡ ደርዳእ ቀን ቀን እየጾሙ ሌሊት ሌሊት እየሰገዱ ቤተሰባቸውን በረሱ ጊዜ፣ ሊጠይቃቸው የመጣው ሌላው ባልደረባ ሰልማን ምግቡ ሲቀርብ «አንተ ካልበላህ እኔም አልበላም» ብሎ አስፈጥሯቸዋል። ጌታህም፣ ነፍስህም፣ ቤተሰብህም ባንተ ላይ ሐቅ አላቸው፤ ለሁሉም ሐቁን ስጥ አላቸው። ነገሩ ነቢዩ ዘንድ ሲደርስ «ሰልማን እውነቱን ነው» አሉ። ስለዚህ መድኃኒት ላይ ያለን ሰው፣ የምታጠባን እናት ወይም ጉልበቱን ሸጦ የሚያድርን የቀን ሠራተኛ «ጾም ጋሻ ነው እኮ!» እያሉ መጎትጎት ልክ አይደለም። ሱና ነው፤ ያልቻለ ይተወዋል። ጀምሮ ያቃተውም በሻፊዒ መዝሀብ ቢያፈርሰው ዕዳ የለበትም፤ ሐነፊዎች ግን ሌላ ቀን ይተካው ይላሉ።

የረመዳን ቀዷ (ባልጾመቻቸው ቀኖች ምትክ የምትጾመው) ያለባት ሴት ደግሞ ብዙ ጊዜ የምትጠይቀው አለ። መጀመሪያ ቀዷዬን ልጨርስ ወይስ የሸዋልን ስድስት ልያዝ? ሊቃውንት እዚህ ላይ ይለያያሉ። ቀዷውን ያስቀደመች ከክርክሩ ትወጣለች። ቀኑ ከበዛባትና ሸዋል የሚያልቅባት ከሆነ ግን እናታችን ዓኢሻ ራሳቸው የረመዳን ቀዷቸውን እስከ ሻዕባን ያቆዩ እንደነበር ተዘግቧል። በዚህ መሠረት ስድስቱን አስቀድማ ቀዷውን በኋላ ብታወጣ የሚፈቅዱ ሊቃውንት አሉ። የምትከተለውን መዝሀብ የሚያውቅ የሰፈሯን ኡስታዝ ጠይቃ መወሰን ትችላለች።